ጥድ የሌለበት ጥድ አምባ

እህቴ አስካለ ቅዳሜ ገበያ በወጣች ቁጥር ላሊበላ ካለው ቤቴ ሳትገባ አትመለስም። በሩን ስከፍትላት ከእሷ ቀድሞ የሚገባው ሽታዋ ነው። ነጠላዋ፣ ሻሿ፣ ማር ያመጣችበት አገልግል ሳይቀር ጥድ ጥድ ይላል። ተቀብታው አይደለም፤ ከጥድ ሥር ስለምትኖር ብቻ ነው። ይህ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ መጀመሪያ የልጅነቴ ጠዋት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ቅናት ይነሳብኛል። ስንት ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ በታናሽ እህቴ ነጠላ ሽታ መቅናት ደግ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ግን እቀናለሁ፤ ምን ላድርግ።

ባለፈው ግንቦት የመጣች ዕለት እንደ ልማዷ የአገር ቤቱን ወሬ አልጀመረችም። አገልግሉን መሬት አስቀመጠች፣ ነጩን ማር አወጣችልኝ፣ ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ምነው? ደህና አይደላችሁም እንዴ?» አልኳት።

«እኛስ ደህና ነን፤ ክብሩ ይስፋ። ለጊዮርጊስ ንግሥ ጥድ አምባ ወጥቼ ነበር።» ነጠላዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። «እታለም፣ ቦረቦሩ መቃብሩ ጋ ደርሷል። የአያ ደምሌን መቃብር ባለፈው ክረምት ወስዶታል። ከሱ ቀጥሎ ያለው የአባታችን ነው።»

ቦረቦር የምንለው ጎርፍ ከዓመት ዓመት እየበላ የሚያሰፋውን ስንጥቅ ነው። የጥድ አምባው ቦረቦር እኔ ተማሪ ሳለሁ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ የምዘለው ቦይ ነበር። ዛሬ ላም ብትገባበት ቀንዷም አይታይ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ክረምቱ ሳይገባ ወደ እኛ ሳር አምባ እናፍልሳቸው። ከሚካኤል ጥዶች ሥር ቦታ አይጠፋም። የኛን ቄሶች ጠይቄያለሁ፤ የጥድ አምባዎቹንም አነጋግሬያለሁ። የቀረው ያንቺ ፈቃድ ነው፤ ታላቅ ነሽ።»

አስካለ ታላቅነቴን የምታስታውሰው ሁሉን ጨርሳ ስትመጣ ነው። ማሩን ይዤ ጓዳ ገባሁ፤ እዚያም ብዙ ቆየሁ። ደኑ የእነሱ፣ ምንጩ የእነሱ፣ ንቡ የእነሱ፣ አሁን ደግሞ አባቴም የእነሱ ሊሆኑ ነው አልኩ በሆዴ። ስወጣ «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ሽታዋ ግን እስከ ማታ ቤቴ ውስጥ ዋለ።

ጥድ አምባና ሳር አምባ አንድ ሸለቆ የለያቸው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ የላስታ ተራሮች ናቸው። የእኛ ታቦት ጊዮርጊስ ነው፣ የእነሱ ሚካኤል። እኔና አስካለ የተወለድነው ጥድ አምባ ሲሆን፣ ያኔ ስሙ የሚገባው አገር ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ጥድና ወይራ ከመወፈሩ የተነሳ፣ እንግዳ ሰው ደወሉን ካልሰማ በቀር እዚያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ተነስቶ ይመጣና ጥዶቹ ላይ ይተኛል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከዛፎቹ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ለቅዳሴ የመጣን ልጆች ጠብታው አንገታችን ውስጥ ሲገባ እንንጫጫለን፤ ቄሰ ገበዙ፣ ማለት አባቴ፣ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ዝም ያሰኙናል። ቆቁ ከቁጥቋጦው ውስጥ ይጮሃል፣ ዋኔ የምንለው የዱር እርግብ ከላይ ይመልሳል። ከደኑ ግርጌ ደግሞ እመት የምንለው ምንጭ ነበረን። እንስራችንን ደቅነን ወሬ ሳንጨርስ ሞልቶ ይፈሳል። ውሃው ጥርስ ይነክሳል። እናቴ እንግዳ ሲመጣባት ጠላ ባይኖራት እንኳ አታፍርም፤ ከእመት የተቀዳ ውሃ በቅል ታቀርብና ሰዉ አመስግኖ ይጠጣል።

እኔ በዚያ ሰሞን ለትምህርት ላሊበላ አክስቴ ዘንድ ገብቼ ነበር። የዚያን ዘመን ላሊበላ ዛሬ የለም። ከገበያው መግቢያ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር፣ ቆሎ በስኒ የምትሰፍር ሴትዮ ነበረች፤ በአምስት ሳንቲም የቀሚሴን ጫፍ ትሞላልኛለች። ወንዱ የቴትረን ሸሚዝ ከለበሰ ዓለም የሱ ናት። እኔም አክስቴ የገዛችልኝን አበባ ያለበት ናይሎን ቀሚስና ቢጫ ኮንጎ ጫማ አድርጌ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ራዲዮ ሥር ቆሜ ዘፈን እሰማ ነበር። ሻይ አልጠጣም፤ ዘፈኑ በነጻ ነው። ባለቤቱ «አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን እዚህ ትተሽ ሂጂ» እያሉ ይቀልዱብኛል። አሁን በዚያ ቦታ ላይ የስልክ ካርድና የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፤ ዋርካውም ተቆርጧል። ሳልፍ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ ነው የማልፈው።

መንገዱ ከጋሸና በኩል ሲጠረግ ነው ነገራችን የተበላሸው። ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ ደብር፣ ስሙን አልጠራም፣ የሳር ክዳኑን አውርዶ ቆርቆሮ አለበሰ። የእኛ ሽማግሌዎች ለንግሥ ሄደው አዩትና ታመው ተመለሱ። ቅናት በእኔ አልተጀመረም ማለት ነው፤ አገሩ በሙሉ የዚያን ሰሞን ቀንቷል። የገበያ መንገደኛ ያንን ቆርቆሮ ከሩቅ አይቶ ይሳለማል፣ የእኛን ግን ጥዱ ስለሸፈነው ማንም አያየውም አሉ። የጊዮርጊስ ቤት ከማን አንሶ ነው ሳር የሚለብሰው አሉ። ገንዘብ የለም እንጂ ጥድ አለ። መንገዱ የመኪና ሆኗልና የወልድያ ነጋዴ መጥቶ ይገዛል።

ጉባኤው ደጀ ሰላሙ ላይ ሲደረግ ለእረፍት መጥቼ ስለነበር ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ሰምቻለሁ። አንድ ዓይናቸው የፈዘዘ አረጋዊ ቄስ ብቻ «ቆርቆሮውስ ይሁን፣ ጥዱስ?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ፈገግ ብለው «ጥድ ይበቅላል አባ፤ ቆርቆሮ ግን አይበቅልም» አሏቸው።

ሰዉ ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለራሳቸው አንዲት ቅርንጫፍ አልወሰዱም። ለታቦታቸው ክብር ብለው ነው፤ ዛሬም ቢሆን ይህን አልክድባቸውም።

መጋዝ የያዙት ሰዎች መጡ። ጥዱ በወደቀ ቁጥር መሬቱ እግራችን ድረስ ይሰማናል፤ ዋኔዎቹ ይነሱና ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያ ሌላ ዛፍ ፈልገው ያርፋሉ። ጥድ አምባ እንደዚያ ሰሞን ጥድ ሸትቶ አያውቅም። ቤቱ፣ መንገዱ፣ እንጀራው ሁሉ ይሸታል። እኛ ሽታው የበረከት መስሎን ደስ አለን። ቆርቆሮው በመጣ ዕለት እልልታው ሸለቆውን ሞላው። ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው እንዲህ ቦግ ሲል ከሳር አምባ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየን ነበር። ደረታችንን ነፋን።

በዚያው ጥር አስካለ ለሳር አምባ ሰው ተዳረች። የሳር አምባ ሚካኤል በሳር የተከደነ፣ ደን ውስጥ የተደበቀ ቤተ ክርስቲያን ነው። መንገድ የላቸውም፣ ትምህርት ቤት የላቸውም። አባቴ ባልየውን የመረጡት ጨዋ ዘር ስለሆነ ነው እንጂ፣ በአገሩ ሁላችንም ተሳልቀናል። የእኛ ወገን ዘፋኞች በሰርጉ ላይ እንዲህ እያሉ አወጡ፦

«ቆርቆሮ ደብራችን ከሩቅ ታበሪያለሽ፣
እህት አስካለዬ ሳር ቤት ትገቢያለሽ።»

ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ፤ ናይሎን ቀሚሴን ለብሼ። አስካለ በሻሿ ውስጥ ታለቅሳለች። ሙሽራ ያለቅሳል ብለን አለፍነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በአንድ ቀን የሆነ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ እንነቃ ነበር። መጀመሪያ እመት ላይ እንስራ ደቅኖ ወሬ መጨረስ ተቻለ። ቀጥሎ ሁለት ወሬ። ከዚያ በቅል እየጨለፉ መሙላት መጣ፤ ከዚያ ሴቶቹ ተራ መጠበቅና መጣላት ጀመሩ፤ በመጨረሻ የከብት ኮቴ ያለበት ጭቃ ብቻ ቀረ፣ እሱም ደረቀ። ምህላ ያዝን። የኃጢአታችን ብዛት ነው ተባለ፤ ዛፉን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም። መጋቢት ላይ የሚነሳውን ነፋስ የሚያቆም ስለጠፋ፣ አንድ ዓመት የቆርቆሮውን ግማሽ ገንጥሎ ሸለቆ ውስጥ ጣለው። ወንዶቹ ለቅመው መልሰው መቱት፣ በላዩም ድንጋይ ጫኑበት። በረዶ ሲጥል ደግሞ ቅዳሴው አይሰማም። አፈሩ በየክረምቱ ወደ ተከዜ እየወረደ ማሳው ድንጋይ አወጣ፤ አባቴ ገብስ ያጭዱበት የነበረው መሬት ዛሬ ሽምብራም አያበቅል። መንግሥት ሲለወጥ ባሕር ዛፍ ትከሉ የሚሉ ሰዎች መጡ። ተከልን። ቶሎ አደገ፣ ደስም አለን፤ የቀረችውን እርጥበት ግን እሱ ጠጣት። ጥዱማ ይበቅላል የተባለው አልበቀለም። ቀና ያለውን ፍየል ይበላዋል፣ ከፍየል የተረፈውን ፀሐይ። ጭጋጉ ዛሬም ከሸለቆው ይነሳል። እኛ ዘንድ የሚተኛበት ስለሌለው ተሻግሮ ሳር አምባ ያድራል።

ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ሳር አምባዎች እኮ ከእኛ በልጠው አይደለም። ሰው ዛሬ እየመጣ ያመሰግናቸዋል፣ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ደን ጠባቂ ይላቸዋል። መንገድ ቢኖራቸው እነሱም ይሸጡት ነበር። መኪና አይገባም፣ ነጋዴው አይቶ ተመለሰ። አንድ ልማድ ግን ነበራቸው፣ እሱን አልነፍጋቸውም። ቤተ ክርስቲያናቸው ሳር ለባሽ ስለሆነ፣ ክዳኑ ባረጀ ቁጥር እያንዳንዱ ቤት ሰንበሌጥ አጭዶ፣ አስሮ፣ ተሸክሞ ያመጣል። ማገሩ ሲበሰብስ ከዚያው ደን አንድ ጥድ በካህናቱ ፈቃድ ይቆረጣል። ስለዚህ ደኑን ሁሌ ይፈልጉታል። ሳሩንም ከብት አያስገቡበትም። እኛ ቆርቆሮ ከመታን በኋላ ከደኑ የምንፈልገው አልነበረም። አስካለ በየጊዜው ሰንበሌጥ ተሸክማ ስትታይ እናቴ «ልጄን የሳር አህያ አደረጓት» እያለች ታለቅስ ነበር።

ሰኔ እንደገባ በበቅሎ ተቀምጬ ሳር አምባ ሄድኩ። አባቴ የሚያርፉበትን ቦታ ልይ ነው ያልኩት፤ እውነቱን ለመናገር እንከን ፍለጋ ነው። መሬቱ ውሃ ያቁራል እላለሁ፣ ወይም ሥሩ ሬሳ አያስቀብርም እላለሁ ብዬ። ደኑ ውስጥ ስገባ ላቤ ደረቀ። ጉልበቴ እንኳ ያልታመመ መሰለኝ። መሬቱ ደርቆ ልስልስ ያለ፣ ጥዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ንቦቹ ከላይ የሚያጉተመትሙ። አስካለ ከምንጩ በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ውሃው ጥርሴን ነከሰኝ። ጣሳውን ባዶ አድርጌ ሳልመልስ ቆምኩ፤ እንባዬ መጣ፣ የአስካለ ባል ደግሞ ከጎኔ ነበሩና ጭስ ገባብኝ አልኩ። ጭስ የትም አልነበረም።

ከደኑ ጫፍ ወጥተን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ማዶ ጥድ አምባ እንዳለ ይታያል። ግራጫ ነው፤ ቦረቦሩ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል። ቆርቆሮው ዝጎ ከድንጋዩ አይለይም።

«አሁንስ አያበራም» አለች አስካለ።

«ድሮም ለናንተ ነበር የሚያበራው» አልኳት። «እኛ ከሥሩ ሆነን አናየውም ነበር።»

«እኔማ ስንት ዓመት ዓይኔን ወጋኝ። እዚህ እንደገባሁ ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ ጠዋት ቀና ስል እሱ ነው። አባቴ ለቆርቆሮው ከኔ ይልቅ አደሉ እያልኩ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀዳ ነበር።» ሳቀች። «ላንቺም ቀንቼብሻለሁ። ትምህርት ላንቺ፣ ናይሎን ላንቺ፣ ለኔ ሳር።»

ያን ሁሉ ዘመን የተቀናብኝ ሰው መሆኔን ሳላውቅ ማለፌ ቆጨኝ። አውቄው ቢሆን ኖሮ እንዴት በጣፈጠኝ።

«ይምጡ» አልኳት። «አባታችን ወዳንቺ ይምጡ።»

የፈለሱበት ዕለት የጥድ አምባ ሰው በሙሉ ወጣ። ቄሶቹ ፍትሐት አደረሱ፣ አጽማቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቀለለ፣ ወንዶቹ በአልጋ ተሸከሙት። ቦረቦሩ ከመቃብሩ ጫፍ ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ባዶውን ጉድጓድ ለመድፈን አካፋ ያነሱ ጎልማሶች ነበሩ፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ «ተዉት፣ ይቆይ» አልኳቸው። አክብረውኝ ተዉት። ሸለቆውን ወርደን ወጣን። ሳር አምባዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀበሉን፤ አባቴ ሲስቁበት የኖሩት አገር በእልፍኙ አሳረፋቸው። አፈሩ ከለበሰ በኋላ አስካለ እጄን ይዛ ከጎናቸው ያለውን ቦታ አሳየችኝ።

«ይሄን ላንቺ ብዬ አስጠብቄዋለሁ። እኔ ከባሌ ዘንድ ነኝ፤ አንቺ ከአባታችን ጎን ትሆኛለሽ።»

ጥላው ደስ ይላል። ሕይወቴን ሙሉ የቀናሁበትን ጥላ አንስታ ሰጠችኝ። ላመሰግናት አፌን ስከፍት ዓይኔ መሬቱ ላይ አረፈ። ከትልቁ ጥድ ሥር፣ ከሥሮቹ መሃል፣ ጣት የሚያክሉ የጥድ ችግኞች በቅለዋል። ማንም አልተከላቸውም።

«እኔን ጥድ አምባ ነው የምትቀብሩኝ» አልኳት። ከዚያ ወደ ሳር አምባው ቄስ ዞርኩ። ከዚያ ደን የደረቀ ቅርንጫፍ እንኳ ያለ ፈቃድ አይወጣም። «አባ፣ ከእነዚህ ጥቂት ይፍቀዱልኝ።»

«ምን ያደርጉልዎታል እትዬ?»

«አባታችን ጥድ ይበቅላል ብለው ነበር። ቃላቸው መሬት ወድቆ ቀርቷል። ጉድጓዳቸው እንደሁ ተቆፍሮ ተቀምጧል።»

ቄሱ ለአፍታ ወደ ማዶ ተመለከቱ። «ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ መውጣት አይባልም። ይውሰዱ» አሉ።

በማግስቱ አንዱን ችግኝ አባቴ በወጡበት ጉድጓድ ውስጥ ተከልኩት። የቀሩትን በቦረቦሩ ጫፍ ተከሉልኝ፣ ከታች ደግሞ የጥድ አምባ ሰዎች በድንጋይ ክትር ሠሩ። ጎርፉ ይወስደዋል ያሉ አሉ፤ ይወስደው ይሆናል። ይኸው ነሐሴ ገባ፣ ችግኙ አልሄደም። ፍየል እንዳይደርስበት ዙሪያውን ያጠርነው ከዛገው ቆርቆሮ በተቀደደ ቁራጭ ነው። በጋ ሲገባ ከየት ይጠጣል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ከአስካለ ምንጭ በአህያ ሊመጣለት ነው፣ እሱም ያቃጥለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዷ ሽታዋን ይዛ መጣች።

«ከደጄ ሆኜ ሳይ እስካሁን ምንም አይታይም» አለችኝ እየሳቀች።

«ቆይ» አልኳት።

ጥድ ቀስ ብሎ እንደሚያድግ አውቃለሁ፤ እኔ አላየውም። ለልጄም ለጥድ አምባው ቄስም ተናግሬያለሁ፦ ከዚያ ችግኝ አጠገብ፣ ጥላ ባይኖረውም እዚያው ቅበሩኝ። አንድ ቀን ጭጋጉ ከሸለቆው ይነሳና መንገዱን ቀይሮ እኛ ዘንድ ይተኛል። ያን ዕለት ሳር አምባዎች በጠዋት ከደጃቸው ወጥተው ወደ ማዶ ይዩ። እኛ በቂ ቀንተናል፤ እነሱም ይቅኑ።